ፒችትሪ ለምን ዘገየ? የአንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ ጉዳይ

ስልኩ የጮኸው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የጥገና ሱቄን ገና ከፍቼ ጠረጴዛ እየወለወልኩ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ ኮምፒውተሬን ምን አድርገህብኝ ነው የሄድከው?»

ድምጿን ወዲያው አወቅኩት። ፍኖተ ሰላም ያለ የአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ናት።

«ምን ሆነ እታለም?»

«የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ ፒችትሪን፣ ጠቅ አደርግና ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ገና እየከፈተ ነው። ያንተን ቁልፍ ካደረግክበት ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ሰኔ ነው እኮ! ገበሬው የማዳበሪያ ብድር ብሎ በር ላይ ተሰልፎብኛል።»

በልቤ «አለቀልኝ» አልኩ። ከሳምንት በፊት የማኅበሩን አራት ላፕቶፖች ዲስካቸውን በሙሉ ኢንክሪፕት አድርጌ፣ በአማርኛው መስጥሬ፣ ተመልሻለሁ። «ኢንክሪፕት ሲደረግ ኮምፒውተር ይሞታል» የሚለውን ወሬ ከደንበኛም ከሙያ ባልደረባም ስሰማው ኖሬያለሁ። ሁሌም እስቅ ነበር። ይህን ጉዳይ ከጨረስኩ በኋላ ሳቄን ትንሽ ቀነስኩ። ወሬው ከፊሉ እውነት ነው። ግን እውነቱ የተገኘው እሷም እኔም ያልጠበቅነው ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሌብነት ነው። ከማኅበሩ ላፕቶፖች አንዱ መናኸሪያ ላይ፣ ከሚኒባስ ውስጥ፣ ከነቦርሳው ጠፋ። ዕቃው ያረጀ ስለነበር ማንም አላለቀሰለትም። ያሳሰባቸው ውስጡ ያለው ነው። የአባላት ስም፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ ፊርማ፣ ማን ስንት እንደተበደረ፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ወረቀት ሰው እጅ ቢገባ ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል። በዚያ ላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

ሊቀመንበሩ መሪጌታ ናቸው። ልጅ ሆነው ኮፈዳቸውን አንግበው ቅኔ ፍለጋ ጎጃምን ያዳረሱ ሰው። ስብሰባው ላይ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር፦

«የይለፍ ቃል ነበረው አይደለም እንዴ? ሌባው እንዴት ያነበዋል?»

በቃል ከማስረዳ ላሳያቸው ብዬ ከቢሮው ላፕቶፖች አንዱን ገለበጥኩት። ጥቂት ብሎን ፈታሁ። ሃርድ ዲስኩን አወጣሁና በዩኤስቢ ገመድ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። የሒሳብ ሠራተኛዋን ፎልደር ስነካው «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት መጣ። ከሥሩ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ አለ። ተጫንኩት። ጥቂት ጠበቀና ተከፈተ። የብድር ሰነዱ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። የይለፍ ቃሏን ማንም አልጠየቀኝም።

ክፍሉ ዝም አለ። የዊንዶውስ የይለፍ ቃል የበሩ ቁልፍ ነው፤ እኔ ግድግዳውን ነው ያነሳሁት። ዲስኩ ሲመሰጠር ግን ግድግዳውንም ብታነሳው የምታገኘው ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው።

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «እንግዲያ ቅኔ ነው በለኛ! ሰሙ ለሁሉ ይታያል፣ ወርቁን የሚያውቅ ያወጣዋል።»

«እዚህ ሰሙም አይታይም መሪጌታ» አልኳቸው።

«ይሁን። ታዲያ ፈቺው ማነው? ሰነዱን በከፈትን ቁጥር አንድ የሚፈታ መኖር አለበት አይደል?»

«ፕሮሰሰሩ ነው።»

«ፈቺው ዳተኛ ከሆነ ግን እናንቀላፋለን» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ነገሩን በቁም ነገር ብይዘው ኖሮ ብዙ መመላለስ ይቀርልኝ ነበር።

ሥራው በራሱ ከባድ አልነበረም። ማሽኖቹ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ስለነበራቸው ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣውን የምስጠራ ፕሮግራም፣ ቢትሎከርን፣ ተጠቀምኩ። ሁለቱ አሮጌ ላፕቶፖች ቁልፉን የሚይዝላቸው ቲፒኤም የተባለው ቺፕ የላቸውም። ለእነሱ ግሩፕ ፖሊሲ የተባለው የዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ገብቼ ሲበሩ የይለፍ ቃል እንዲጠይቁ አደረግኩ። የእያንዳንዱን ላፕቶፕ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ አትሜ በፖስታ አሸግኩና ካዝና ውስጥ አስቀመጥኩ። አደራ፣ ይህን ወረቀት ሳታትሙ ዲስክ እንዳትመሰጥሩ። የይለፍ ቃሉ ተረስቶ ይህ ቁልፍ ከጠፋ ፋይሉ ሄዷል። እኔም አላወጣውም፣ ማንም አያወጣውም።

ቢትሎከር ሲጀምር አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ፋይል ያለበትን ቦታ ብቻ ልመስጥር ወይስ ዲስኩን በሙሉ? ለአዲስ ዲስክ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ቶሎም ያልቃል። ለዓመታት የተሠራበት ዲስክ ግን የተሰረዙ ፋይሎች ቅሪት «ባዶ» በሚባለው ቦታ ላይ ተኝቶ ይገኛል። ስለዚህ ሙሉውን መረጥኩ። ሙሉው ማለት ደግሞ 500 ጊጋባይቱ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፣ ይመሰጠራል፣ ተመልሶ ይጻፋል ማለት ነው። መቶኛው መቁጠር ሲጀምር አየሁና «በቃ፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል» ብዬ ለደብረ ማርቆስ መኪና ተሳፈርኩ።

ጥፋቱ እዚህ ላይ የእኔ ነው።

ከስልኩ በኋላ በነጋታው ፍኖተ ሰላም ገባሁ። በር ላይ እውነትም ሰልፍ አለ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሰላም ብላኝ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ፊቷ ግን ሰላም አይልም። ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፈትኩ። ፕሮሰሰሩ ሃያ በመቶ አካባቢ ነው፤ ሥራ ፈት ማለት ይቻላል። ዲስኩ መቶ በመቶ። ቀይ ሆኖ አይወርድም። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት የቢትሎከርን ሁኔታ ስጠይቀው 61 በመቶ ላይ ነው አለኝ። ከሳምንት በኋላ!

ምክንያቱ ሲታይ ቀላል ነበር። ማታ ማሽኑን አጥፍታ ትሄዳለች። ቀን መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ ባትሪው ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆምም። ቢትሎከር ጨዋ ስለሆነ ሲቋረጥ ፋይል አያበላሽም። ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል። ግን የሚቀጥለው እሷ ፒችትሪ በምትከፍትበት ሰዓት ነው። አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ሰው ይጎትታል፦ እሷ ሒሳቧን፣ እሱ ምስጠራውን።

አልጋ ያዝኩና አደርኩ። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክቼ፣ እንዳይተኛ አድርጌ፣ ማንም እንዳይነካው አደራ ብዬ ወጣሁ። ዕድል ሆኖ ሌሊቱን መብራት አልሄደም። ጠዋት 100 በመቶ።

«እስቲ አሁን ሞክሪው እታለም።»

ፒችትሪን ጠቅ አደረገች። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። 1 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ።

«አየህ?» አለችኝ። «ከትናንቱ ይሻላል፤ ግን ድሮ እንዲህ አልነበረም።»

ድሮ ስንት ነበር? የለካ ሰው የለም። እኔም ከመመስጠሬ በፊት አልለካሁም። ሁለተኛው ጥፋቴ ይኸው ነው። ሳይለኩ ገብቶ በኋላ መከራከር ውኃ መውቀጥ ነው።

አንድ ነገር ሞከርኩ። አሁን ሳስበው ትንሽ ያሳፍረኛል። ቢትሎከር «ጥበቃውን ለጊዜው አቁም» የሚል አማራጭ አለው። እሷ እያየች ጠቅ አደረግኩትና «አሁን አቆምኩት፤ እስቲ ሞክሪው» አልኳት።

ከፈተች። ፊቷ በራ። «አሁንማ ተፈታ! በሞቴ ልዩነቱን አላየኸውም?»

ስልኬን አሳየኋት። 1 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ። ያው ነው።

ያው መሆኑ አይገርምም። «አቁም» ሲባል ቢትሎከር ዲስኩን አይፈታም። የሚያደርገው ቁልፉን ዲስኩ ላይ በግልጽ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በሩ አልተነሳም፤ ቁልፉ ከበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱ ፋይል አሁንም ተመስጥሮ ነው ያለው፣ ሲነበብም ይፈታል። በፍጥነት በኩል የሚለወጥ ነገር የለም። «ቢትሎከርን አቁሜው ኮምፒውተሬ ነፍስ ዘራ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ነፍስ የዘራው ኮምፒውተሩ አይደለም።

«እና እኔ ዋሸሁ ማለት ነው?» አለች፤ ተቀይማለች።

«አልዋሸሽም። ሰው ቁልፍ ተነሳ ሲባል የሚቀለው ነው።»

አልተዋጠላትም። እውነቷን ነው፤ የእኔ ሙከራ ሙሉ ማስረጃ አይደለም። እውነተኛው ማስረጃ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ መለካት ነው። ያ ማለት ሌላ ሌሊት። አደርኩት። በማግስቱ ጠዋት፣ ምንም ምስጠራ በሌለው ዲስክ ላይ፣ ፒችትሪ በ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ተከፈተ። ክሪስታልዲስክማርክ በተባለው የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ስለካው ደግሞ ዲስኩ ትልልቅ ፋይል የሚያነበው በሰከንድ 84 ሜጋባይት ነው። ሲመሰጠር 81 ነበር። ልዩነቱ አራት ሰከንድና ሦስት ሜጋባይት ነው። ይህን ማንም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አይለየውም።

ወፍጮ ቤት ሄዶ ያልቆመ ሰው ጎጃም ውስጥ የለም። ወፍጮው በሰዓት አንድ ኩንታል የሚፈጭ ከሆነ፣ ዱቄቱን ከረጢት የሚያስገባው ልጅ ፈጣን ሆነ ዘገምተኛ ሰልፉ አይለወጥም። ሰልፉን የያዘው ወፍጮው ነው። እዚህም ወፍጮው ያ በደቂቃ 5,400 ዙር የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈታው ሥራ ገና እስኪመጣለት እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚያርፉበት ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ደግሞ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ዊንዶውስ፣ ፒችትሪና አንቲቫይረስ ተደርበው ሲሞሉት የተረፈው ወደዚያው ዲስክ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይቆማል።

ስለዚህ ለቦርዱ የጻፍኩት አጭር ነበር፦ ምስጠራው ይቀጥል፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ በተባለው፣ የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ ይቀየር፣ ራሙ 8 ይሁን። ጉዳዩን የዘጋሁ መሰለኝ።

ኤስኤስዲው ከአዲስ አበባ መጣ። ያመጣው ነጋዴ «ይሄ ራሱ ያመሰጥራል፣ ቢትሎከር አያስፈልገውም» ብሎ አስረድቷቸዋል። ሰውየው አልዋሸም፤ ምስጠራ በውስጣቸው ያለ ኤስኤስዲዎች አሉ። ግን በ2018 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእነዚህ አንዳንዶቹን ፈትሸው የይለፍ ቃሉን ሳያውቁ ዳታውን ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። በማግሥቱ ዓመት ማይክሮሶፍት ቢትሎከር አዲስ ዲስክ ሲመሰጥር የዲስኩን ምስጠራ ማመኑን ትቶ በራሱ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ፣ እንዲሠራ መነሻ ቅንብሩን ቀየረ። አስተማማኝ ሆነ፤ ሸክሙ ግን ሙሉ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ወደቀ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ዊንዶውሱን በአዲሱ ዲስክ ላይ ከባዶ ጫንኩ። ፒችትሪን አስገባሁ። በዚህኛው ጊዜ ሳልመሰጥር አስቀድሜ ለካሁ፤ ተምሬያለሁ። የንባብ ፍጥነት በሰከንድ 520 ሜጋባይት። ፒችትሪ በ11 ሰከንድ ተከፈተ። ሒሳብ ሠራተኛዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ከዚያ መሰጠርኩት። እንደገና ለካሁ። 190።

አላመንኩም። ደገምኩት። 187። ሦስተኛ ጊዜ፤ 192። ታስክ ማናጀሩን አየሁ፦ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ፣ ዲስኩ ዘና ብሎ ተቀምጧል። ከሥር ያለው ማራገቢያ እንደ ወንፊት መንፋት ጀመረ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ያየሁት ሥዕል ተገልብጧል።

እዚህ ላይ ነው የመሪጌታ ቀልድ ትዝ ያለኝ። ፈቺው ማነው?

የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ከሷ ጋር መንታ ነው። በአንድ ጨረታ የተገዙ፣ አንድ ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ሽፋን። የሥራ አስኪያጁ ከዱሮም ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም አለው። እንደምታውቁት ለሥራ አስኪያጅ ሁሌ ሻል ያለው ነው የሚሰጠው። በእሱ ላይ ለካሁ። ተመስጥሮ እያለ 480። ፕሮሰሰሩ ምንም አልመሰለውም።

ሁለቱን ገልብጬ ተለጣፊያቸውን አነበብኩ። የሥራ አስኪያጁ ኮር አይ5-3210ኤም ነው። የሷ ኮር አይ3-3110ኤም። ሁለቱም የ2012 እ.ኤ.አ. ትውልድ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ኮር። ቁጥራቸውን ብቻ ላየ ሰው ወንድማማቾች ናቸው። ኮርኢንፎ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም በሁለቱም ላይ አስነሳሁ። ይህች ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ የሚያውቃቸውን ትእዛዞች ትዘረዝራለች። ያለው ፊት ኮከብ፣ የሌለው ፊት ሰረዝ ታደርጋለች። «ኤኢኤስ» ከሚለው መስመር ፊት የሥራ አስኪያጁ ኮከብ አለው። የሷ ሰረዝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢትሎከርም ሆነ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው አቻው ሉክስ የሚመሰጥሩት በአብዛኛው ኤኢኤስ በተባለው ስልት ነው። ስልቱን የቀመሩት ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂጋውያን ናቸው። አሜሪካ በ2001 እ.ኤ.አ. መደበኛ ስልቷ አድርጋ አጸደቀችው። ዳታው በ16 ባይት እየተቆራረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ ይታሻል፤ ቁልፉ 128 ቢት ከሆነ 10 ዙር፣ 256 ከሆነ 14 ዙር። አንድ ሜጋባይት ውስጥ ከ65 ሺህ በላይ ቁራጭ አለ። በሰከንድ 500 ሜጋባይት ለመፍታት የሚያስፈልገውን ዙር እናንተው አባዙት።

ተራ ፕሮሰሰር እያንዳንዱን ዙር በብዙ ትናንሽ እርምጃ ነው የሚሠራው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ኢንቴል አንዱን ዙር በአንድ ትእዛዝ የሚጨርስ ልዩ መሣሪያ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አስገባ። ይህ ያለው ፕሮሰሰር በአንድ ኮር ብቻ በሰከንድ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይፈታል፤ ሳታ በተባለው የተለመደ መገናኛ የሚሰካ ኤስኤስዲ ግን ቢበዛ 550 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያቀርብለት። ፈቺው ዳታ ይጠብቃል እንጂ ዳታ ፈቺውን አይጠብቅም። ችግሩ፣ ኢንቴል ይህን መሣሪያ ለርካሾቹ ቶሎ አልሰጠም። የ2ኛውና የ3ኛው ትውልድ አይ3 ላፕቶፖች በአብዛኛው የላቸውም። የዚያ ዘመን ፔንቲየምና ሴሌሮንም እንደዚሁ። የእኛ አገር ቢሮዎች ደግሞ ዛሬም በእነዚህ ተሞልተዋል።

አሁን የሃርድ ዲስኩ ነገር ገባኝ። ያኔም ፈቺው ዳተኛ ነበር፤ ግን 84 ሜጋባይት ብቻ ስለሚመጣለት ዳተኛነቱ አልታየም። ወፍጮውን ስናፈጥነው ከረጢት የሚሞላው ልጅ ተጋለጠ። ማኅበሩ ገንዘብ አውጥቶ ማሽኑን ሲያሻሽለው ነው የምስጠራው ዋጋ የታየው። ይህን ለቦርድ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ።

ታዲያ ስንት ይጎዳታል? 520 ወደ 190 ሲባል ያስደነግጣል። ስለዚህ ከቁጥሩ ወጥቼ ሥራዋን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ለካሁ። ፒችትሪ ከ11 ወደ 13 ሰከንድ። ከተከፈተ በኋላ ደረሰኝ ስትመዘግብ ልዩነት የለም፤ ያ ሥራ ትናንሽ ዳታ ነው የሚነካካው። ማታ ማታ ወደ ፍላሽ ባካፕ ስታደርግ ልዩነት የለም፤ ፍላሹ ከምስጠራውም የባሰ ቀርፋፋ ነው። ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ የወጣው አንድ ቦታ ነው። ስካን የተደረጉ የአባላት ሰነዶችን በጅምላ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ስትገለብጥ ፕሮሰሰሩ ይታነቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ በዚያው ቅጽበት ሌላ መስኮት ብትከፍት ይንተባተባል። በባትሪ ላይ ስትሆን ደግሞ ያቺ አሥር ደቂቃ ትቀንሳለች።

አንድ ባልደረባዬ «ይልቅ 256 አድርገው፣ የበለጠ ይጠብቃል» አለኝ። በዚህ ማሽን ላይ አላደርገውም። አሥር ዙር ያንገዳገደውን አሥራ አራት ላሸክመው? የመናኸሪያ ሌባ 128ቱንም አይሰብረውም። እንዲያውም አስቀድሞ የሚሞክረው በላፕቶፑ ሥር በወረቀት ተጽፎ የተለጠፈውን የይለፍ ቃል ነው። አዎ፣ ተለጥፎ አግኝቼ ቀድጃለሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም።

ምስጠራውን ማንሳት ለእኔ አማራጭ አልነበረም። አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት በጀት የለም። የቀረው መፍትሔ አጠገባችን ነበር፤ ችግሩ፣ መፍትሔው የተቀመጠው በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ መሆኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ደብዳቤ መጻፍና ኢሜይል ማየት ነው። ኤኢኤስ ያለው ፕሮሰሰር ግን የእሱ ነው።

«ማሽን ይለዋወጡ» ስል ሥራ አስኪያጁ ተኮሳተረ። «አይ3 ለእኔ?» አለ። አይ5 የሚለው ተለጣፊ ማዕረግ ነው እንግዲህ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ዕቃው ይለያያል ወይ? ሲያዩት?»

«አንድ ናቸው መሪጌታ። ከተለጣፊው በቀር።»

«እንግዲያ የሆዱን ለውጠው። ከነፎልደሩ፣ ከነነገሩ። ውዝግቡ ለማነው?»

ትክክል ነበሩ። ሁለቱም ቲፒኤም ስለሌላቸው ቁልፉ ከማሽኑ ጋር አልታሰረም፤ ሲበራ የሚጻፈው የይለፍ ቃል ነው የሚከፍተው። ቲፒኤም ቢኖር ኖሮ ዲስኩን ወደ ሌላ ማሽን ባዛወርኩ ቁጥር ያን ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ግን ብሎን ፈትቼ፣ ኤስኤስዲዎቹን አለዋውጬ፣ መልሼ አሰርኩ። የእያንዳንዳቸው ዊንዶውስ ከነፋይሉ በሌላው አካል ውስጥ ተነሳ። አንድ ሁለት ድራይቨር አስተካከልኩ። በሷ ጠረጴዛ ላይ ለካሁ፦ 485። ፒችትሪ 10 ሰከንድ። ስካኑን በጅምላ ስትገለብጥ ማራገቢያው ድምፁ የለም።

ለራሳችሁ ማሽን ማየት ለምትፈልጉ፣ ኮርኢንፎን አስነስታችሁ ያን ኮከብ ፈልጉ። ካለ፣ በሃርድ ዲስክም በሳታ ኤስኤስዲም ላይ ሳታመነቱ መስጥሩ። ኤንቪኤምኢ በተባሉት አዲሶቹ ዲስኮች ላይ ግን ኮከቡ ቢኖርም የፈተና ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ እነሱ በሰከንድ በሺዎች ሜጋባይት ያቀርባሉና ፈቺው እንደገና ይፈተናል። ቪዲዮ ለሚቆርጥ ሰው ይታያል። ደብዳቤ ለሚጽፍ አይታይም። አዲስ ላፕቶፕ የገዛችሁ ደግሞ ሳታውቁት ተመስጥሮ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ከተባለው እትም ወዲህ ከባዶ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን ዝም ብሎ ይመሰጥራል። ቁልፉ አካውንታችሁ ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተላችሁ የሱቁ ልጅ ከሆነ፣ የዲስካችሁ ቁልፍ እሱ ጋ ነው ማለት ነው። ዛሬውኑ አስተካክሉት።

ከፍኖተ ሰላም ከመመለሴ በፊት መሪጌታ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ያን የመጀመሪያውን ቀን ሙከራ ድገመው አሉ። ደገምኩት። የሒሳብ ሠራተኛዋን ዲስክ አውጥቼ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁ። የቁልፍ ምልክት ያለበት ድራይቭ ብቻ መጣ። ስነካው ቁልፍ ጠየቀኝ። ዝም ብዬ ቁጥር ደረደርኩ፤ እምቢ አለ። «ቀጥል» የሚል ነገር የትም የለም። መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ይሄ ነው የተዘጋ ቅኔ» አሉና ወደ ሰልፉ ወጡ።

ከሁለት ወር በኋላ የሥራ አስኪያጁ ስም ስልኬ ላይ መጣ። አይ3ቱን የያዘው እሱ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አነሳሁት።

«ፕሪንተሩ ጃም እያደረገ አስቸገረን» አለኝ።

እመጣለሁ አልኩት። ከዚያ እንደ ዋዛ «ላፕቶፑስ? አልዘገየብህም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እሱማ ደህና ነው» አለ። «እንዲያውም ከድሮው ሳይሻል አይቀርም።»